ልሂድ ወይስ ልቅር? በወረርሽኝ ጊዜ ከስቴት ስቴት ዘመድ መጠየቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ቆይቶ ዝቅ ይላል)

  በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ፤ ከአትላንታ፣ ከዳላስ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከሲያትል በስልካችሁ የምትከታተሉን፤ ኤርፖርት ተሰልፋችሁ ተሳፋሪ እየጠበቃችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፤ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ይኸው ጀምሯል።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። እናታችሁ የሚኖሩት ሌላ ስቴት ነው እንበል። ወረርሽኝ ገብቷል። በዓል ደርሷል። ስልክ ደውለው "ዘንድሮም አትመጡም?" አሏችሁ። ትሄዳላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?

መልሱን ለጊዜው በልባችሁ ያዙት።

በ2020 እና በ2021 ይህ ጥያቄ ያላስጨነቀው ቤት ጥቂት ነው። ያኔ ሁሉም በጥድፊያ ወሰነ። የሄደ ሄደ፣ የቀረ ቀረ። በዚሁ ተቀያይሞ እስካሁን ያልታረቀ ወንድምና እህትም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ በሜይ 2023 አንሥቷል። ታዲያ ዛሬ ምን አነሣሣን? በሽታው አልጠፋም፤ ኢንፍሉዌንዛም በየብርዱ ወራት ይመላለሳል፤ ሌላ ወረርሽኝ ደግሞ አይመጣም ብሎ የሚምል ሐኪም አላጋጠመኝም። አገር ቤት በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠነው እኮ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ተከትሎ በመጣ ልማድ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ 2020 ልመልሳችሁ። ከኅዳር በሽታ በቀር ዛሬ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እዚህ አገር የምንቆጥርባቸው ናቸው።

ማርች 11 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። ማርች 30 ደግሞ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በአንድ ቀን "ከቤት አትውጡ" አሉን። በመሃሉ ሮድ አይላንድ የኒውዮርክ ታርጋ የለጠፈ መኪና ማስቆም ጀመረች፤ ናሽናል ጋርድም ቤት ለቤት እየዞረ ከኒውዮርክ የመጣ ሰው መኖሩን ጠየቀ። ፍሎሪዳ ከሉዊዚያና አቅጣጫ የሚመጣውን ሰው ሃይዌይ 10 ላይ አስቁማ መመርመር ያዘች። ኬላ ማለት ነው! ኬላ ሰልችቶት አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው አሜሪካ ሃይዌይ ላይ ኬላ ሲያይ ምን እንዳለ እናንተው ገምቱት።

"አንድ አገር አይደለም ወይ? ከስቴት ስቴት እንዳልሄድ ማን ይከለክለኛል?" ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከስቴት ወደ ስቴት የመጓዝ መብት እንዳለ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጋግሞ ተናግሯል። የሕዝብን ጤና መጠበቅ ደግሞ በዋናነት የየስቴቱ ሥልጣን ነው፤ ያው ፍርድ ቤት በ1905 በማሳቹሴትስ የፈንጣጣ ክትባት ክርክር ላይ ይህን አጽንቷል። ስለዚህ በ2020 ትእዛዝ ካወጡት ስቴቶች አብዛኞቹ "አትግቡ" አላሉም። "ግቡ፤ ግን 14 ቀን ከሰው ተለይታችሁ ተቀመጡ" ነው ያሉት።

ለምን 14 ቀን? በሽታው ሰው ላይ ካረፈ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ነው። ያኔ ብዙውን ጊዜ አምስተኛው ቀን አካባቢ ይታይ ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ነገሩ በተግባር ምን ይመስል ነበር? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ2020 ጁላይ እያለቀ ነው። አንድ ሰው ከአትላንታ ተነሥቶ፣ ሃይዌይ 85ን ይዞ ሁለቱን ካሮላይናዎች አቋርጦ፣ ቨርጂኒያ ላይ ወደ 95 ገብቶ ወደኛ አካባቢ ይመጣል። ከ600 ማይል በላይ መንገድ ነው። አሌክሳንድሪያ አክስቱ ዘንድ ቢያርፍ፣ ቨርጂኒያ "14 ቀን ተቀመጥ" የሚል ግዴታ አልጣለችበትም። ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ ወንድሙ ቤት ቢያርፍ ግን ከጁላይ 27 ጀምሮ 14 ቀን ራሱን አግልሎ መቀመጥ አለበት፤ የዲሲ ከንቲባ ባውዘር ባወጡት የ27 ስቴቶች ዝርዝር ውስጥ ጆርጂያ አለችበትና። ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚገባ ሰው ግን ዝርዝሩ አይመለከተውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየው ያው ሰውዬ ነው። ትንፋሹም ያው ነው። አሌክሳንድሪያ ሁለት ቀን አድሮ "ከቨርጂኒያ ነው የመጣሁት" ብሎ ዲሲ ቢገባ ማን ያውቅበታል?

ሕጉ ከንቱ ነበር ማለቴ ነው? አይደለም። ሕግ የሚመለከተው ብዙኃኑን ነው፤ በሽታው በተፋፋመበት ቦታ የሰው እግር በረድ ሲል ሆስፒታሎች ይተነፍሳሉ። ነገር ግን ሕጉ የእናታችሁን ቤት አያውቀውም። ስንት ሰው እንደሚያድርበት፣ ማን ስኳር እንዳለበት፣ የሳሎኑ መስኮት ይከፈት አይከፈት እንደሆነ አያውቅም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የዛሬው ዋና ነገሬ ይህ ነው፤ ስለዚህ ደግሜ ልበለው። "ይፈቀዳል ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። "እዚያ ቤት ማን አለ? ስንት ሰዓት አብረን ልንቆይ ነው? እኔስ ያለፈውን ሳምንት የት የት ዋልኩ?" ብላችሁ ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሲዲሲ፣ ማለትም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በ2020 ያሳተመው ነው። የቤተሰቡ ስም አልተገለጸም፤ እኛም አያስፈልገንም።

ጁን ወር ላይ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በሽታው ከተሰራጨበት ቦታ ቆይታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከተጋለጠች በአራት ቀኗ ፈጣኑን ቴስት አደረገች። ውጤቱ ነጌቲቭ ሆነ። ሁለት ቀን ቆይቶ አፍንጫዋ ተዘጋ። ሌላ ምንም የላትም፤ ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። በዚያው ቀን ከወላጆቿና ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ዘመድ ወደተሰበሰበበት ቤት ጉዞ ጀመረች።

ለዚያ ስብሰባ አምስት ቤተሰብ ነው ከአራት ስቴት የመጣው። አሥራ አራት ሰዎች አምስት መኝታና ሁለት መታጠቢያ ባለው አንድ ቤት ከረሙ። ትንሹ 9 ዓመቱ ነው፤ ትልቁ 72። አንዳንዱ ስምንት ቀን፣ አንዳንዱ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆየ። ማስክ ያደረገ የለም፤ ተራርቆ የተቀመጠም የለም። መቼም በቤተሰብ መሃል ማን ማስክ ያደርጋል?

ስንቱ የታመመ ይመስላችኋል?

(ለአፍታ ዝምታ)

ልጅቷን ሳንቆጥር አሥራ አንድ። አንዱ ሆስፒታል እስከ መተኛት ደርሶ ነው የዳነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ስድስት ሌሎች ዘመዶችም እዚያው ሄደው ነበር፤ አክስት፣ አጎትና አራት ልጆቻቸው። በሦስተኛው ቀን ለአሥር ሰዓት ያህል፣ በአሥረኛው ቀን ደግሞ ለሦስት ሰዓት ያህል ከዘመዶቻቸው ጋር ዋሉ። ግን ደጅ ነበሩ፤ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ እዚያ ቤትም አላደሩም። እነሱም ቢሆኑ ማስክ አላደረጉም። ከስድስቱ የታመመ የለም።

አያችሁት? ዘመዱ አንድ፣ ቤቱ አንድ፣ ሰሞኑ አንድ። ካደሩት አብዛኞቹ ታመሙ፤ ደጅ ውለው የሄዱት ዳኑ።

ደጁ ለምን አዳናቸው? ቤት ውስጥ ዕጣን ሲጨስ አስቡት። ማጨሻው ያለው ሳሎን ነው፤ ሽታው ግን መኝታ ቤት ድረስ ይገባል፤ ማጨሻው ተነሥቶም መጋረጃው ላይ ይቆያል። በረንዳ ላይ ሲጨስ ደግሞ አንድ ነፋስ ሽው ሲል ይዞት ይሄዳል። ከታመመ ሰው ትንፋሽ የሚወጣው ረቂቅ ጠብታም አየር ላይ የሚንሳፈፈው እንዲሁ ነው። ሲናገር ይወጣል፤ ሲስቅ ይበዛል፤ ሲዘምር ደግሞ ይብስበታል።

መዝሙር ካነሣን አይቀር፣ በዋሽንግተን ስቴት በስካጂት ሸለቆ የሆነውን ልንገራችሁ። ማርች 10 ቀን 2020፣ ትእዛዝ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት፣ 61 የመዘምራን ቡድን አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተለማመዱ። 53ቱ ታመሙ ወይም ሳይታመሙ አይቀሩም ተባለ፤ ሁለቱ ሞቱ። እግረ መንገዴን ነው፤ የእኛ ማኅሌት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለምታውቁት መንገር አይጠበቅብኝም።

(የሲኒ ድምፅ፤ ቡና ሲቀዳ ይሰማል)

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የገና ወይም የዒድ በዓል ነው። አፓርትመንት። ውጭው ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ጥርቅም ብሏል፤ ሂተሩ በርቷል። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው አለ፤ ከኦሃዮ የመጣ፣ ከኖርዝ ካሮላይና የመጣ፣ እዚሁ ከታች ፎቅ የመጣ። ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ መሳሳም። ቀጥሎ በአንድ ትሪ ዙሪያ ማጎንበስ። ጉርሻ። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ተብሎ ሁለተኛው። ከዚያ ቡናው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ሰዓት እንዴት እንዳለፈ የሚያውቅ የለም።

ቡናውን ተዉት ልበላችሁ? እንዲህ ብል ሬዲዮኑን ትዘጉብኛላችሁ። እናንተ ባትዘጉት እናቴ ትዘጋዋለች። በትሪው ፋንታ ለየሰው ሳህን ይቅረብ ነው የምለው። ጃኬት ደርባችሁም ቢሆን በረንዳ ላይ፣ ጓሮ ያለው ጓሮው ውስጥ፣ ሌላው ጋራዡን ከፍቶ ይቀመጥ። ውስጥ መሆን ግድ ከሆነ በሁለት ወገን መስኮት ገርበብ አድርጉ፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ሦስቱም ቢቀዳ ከአቦሉ በኋላ የሚሰነባበት ሰው "ምን አስቀየምነው?" አይባል።

ምግቡ ነው ወይ በሽታውን የሚያስተላልፈው? አይደለም፤ ዋናው መንገድ ትንፋሽ ነው። ትሪውን ያነሣሁት ሰው ራስ ለራስ እንዲገጥም ስለሚያደርግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ተሰበሰበው ሰው ነው። ያልተጋበዘውስ?

ኦገስት 7 ቀን 2020 በሜን ስቴት ሚሊኖኬት በምትባል ትንሽ ከተማ ሠርግ ነበር። ታዳሚው 55 ሰው ነው፤ በእኛ ሠርግ አንድ ጥግ አይሞላም። ከዚያ ሠርግ ተነሥቶ በሽታው 177 ሰው ጋ ደረሰ። አንዱ ክር 100 ማይል ርቆ የአረጋውያን መጦሪያ ገባ፤ ሌላው 200 ማይል ርቆ እስር ቤት ገባ። ሰባት ሰዎች ሞቱ።

ከሰባቱ ስንቱ ሠርጉ ላይ ነበሩ? አንድም።

ይህን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ብዙዎቻችሁ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከቡ፣ በመጦሪያ ቤት በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ናችሁ። ቅዳሜ ሌላ ስቴት ዘመድ ቤት ውላችሁ ሰኞ ማለዳ የማን አልጋ አጠገብ ትቆማላችሁ? ጉዞው የሚያልቀው ቤታችሁ ስትገቡ ሳይሆን ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

"እኔማ ቴስት አድርጌያለሁ" የምትሉ አላችሁ። እሰየው፤ አድርጉ። ነገር ግን ያችን የ13 ዓመት ልጅ አስታውሱ። እሷም አድርጋ ነበር። በሽታው ሰውነት ውስጥ ገብቶ እስኪበዛ ቀናት ይፈልጋል። ያኔ አምስተኛው ቀን አካባቢ ምልክቱ ይታይ ነበር ብለን የለ? ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ያህል ሰውየው ምንም ሳይሰማው ሌላውን ሊያሲዝ ይችላል። ስለዚህ የዛሬ ነጌቲቭ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

ሲዲሲ በዲሴምበር 2020 ለመንገደኛ የሰጠው ምክር ይህንኑ ያሰበ ነበር። ከጉዞው በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ተመርመሩ፤ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድገሙት፤ ነጌቲቭም ቢሆን ሰባት ቀን ቤት ቆዩ። ያልተመረመረ አሥር ቀን። ለታክሲ ነጂ አሥር ቀን ቤት መዋል ምን ማለት እንደሆነ ምክሩን የጻፈው ሰው ያሰበበት አይመስለኝም፤ ስሌቱ ግን ልክ ነው።

በኋላ ቤት ውስጥ የሚደረገው ቴስት ሲበዛ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ ኤፍዲኤ፣ በኦገስት 2022 አንድ ነገር አከለ። ተጋልጣችሁ ምልክት ከሌላችሁ፣ አንድ ነጌቲቭ አይበቃም፤ በ48 ሰዓት ልዩነት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ምልክት ካላችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። አንድ ጊዜ አይበቃም! አፍንጫችሁ ከተዘጋ ደግሞ ቴስቱ ምንም ቢል አረጋዊ ቤት አትሂዱ።

(አጭር ሙዚቃ)

በ2020 ኖቬምበር 19 ቀን ሲዲሲ "ለታንክስጊቪንግ አትጓዙ" ብሎ መከረ። ሆኖም በዚያ ሰሞን በአንዳንድ ቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በኤርፖርት ፍተሻ አልፏል። ሰው ናፍቆት ሲይዘው "አትሂድ" የሚለው ቃል ብቻውን አያቆመውም። እኔ እንደማስበው የእኛን ሰው ደግሞ ከናፍቆቱ ይልቅ ይሉኝታው ነው የሚያሸንፈው። እስቲ ይህን የስልክ ንግግር ስሙ። አንድ ወጣት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ አሌክሳንድሪያ ላሉት አክስቱ ሲደውል ነው እንበል።

(የስልክ ጥሪ ድምፅ)

"እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ቅዳሜ ልመጣ ነበር፤ አንድ ነገር ልንገርዎት ብዬ ነው።"

"ምነው ልጄ? ደህና አይደለህም እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ሰኞ ዕለት ግን አብሮኝ የሚሠራ ሰው ታሞ ኮቪድ ነው ተባለ። እኔ እስካሁን ምንም የለብኝም።"

"ምንም ከሌለብህ ምን ቸገረን? እግዜር ያውቃል፣ ና! ዶሮው እኮ ተገዝቷል።"

"ዶሮው ፍሪዘር ይግባ እትዬ። ቴስቱን ደጋግሜ ላድርግና የሚቀጥለውን ሳምንት በረንዳዎ ላይ እንበላዋለን። እርስዎ ስኳሩም ግፊቱም አለብዎት።"

(ትንሽ ዝምታ)

"እንግዲህ... እኔም ፈርቼ ነበር። የገዛ ልጄን አትምጣ እንዴት እላለሁ ብዬ ነው እንጂ።"

(የስልክ መዝጊያ ድምፅ)

ሰማችሁ? ሁለቱም ፈርተዋል። አክስቲቱ ደፍረው አይናገሩም፤ እንግዳ አይመለስም ተብለው ነው ያደጉት። ስለዚህ መጀመሪያ መናገር ያለበት የሚሄደው ሰው ነው። የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ምን እንደሚሰማው ሳይጠየቅ ይናገር። ይህም የቤቱን ባለቤት ከእምቢታ ያሳርፈዋል። እንደገና ልበለው፤ ቀድሞ የሚናገረው መንገደኛው ነው።

ለቅሶስ?

ይህ ከባዱ ነው። ሐዘንተኛ በስልክ አይረዳም፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገብ ሆኖ ነው። ለዚህ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ስቴት የሚያቋርጥ ሰው አለ። ታዲያ በ2020 ስንቱ ነው እናቱ አገር ቤት ማረፋቸውን ብቻውን፣ ከስልክ የሰማው? ስንቱስ አባቱን ከመጦሪያ ቤቱ መስኮት ውጭ ቆሞ በመስታወት የተሰናበተው? መጦሪያ ቤቶቹ ከማርች 13 ጀምሮ፣ ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ካልሆነ በቀር፣ ጠያቂ እንዳያስገቡ መመሪያ ወጥቶላቸው ነበር። የደጅ ጥየቃ በሰፊው የተፈቀደላቸው በሴፕቴምበር ነው።

እኔ ለቅሶ ቅሩ ብዬ አልመክርም። ብቸኝነትም ሰው ይጥላል። የማይቀሩበት ጉዞ አለ፤ ያንን ለይታችሁ እወቁ፤ ሌላውን ለእሱ ስትሉ ተዉት። ልደቱም፣ ምርቃቱም፣ የቤት ምርቃቱም፣ ለቅሶውም እኩል ግድ ከሆኑ አንዱም በጥንቃቄ አይከናወንም። ለቅሶ ስትሄዱ ደግሞ እድሩ ያግዝ። ድንኳኑ ጎንና ጎኑ ተገልጦ ይተከል፤ ሰው በየተራ ይምጣ፤ ከሌላ ስቴት የመጣው ሐዘንተኛው ቤት ከሚያድር ሌላ ቦታ ይረፍ። መርዶ ነጋሪዎቹ አሥር ከመሆን ሦስት ይሁኑ፤ ሦስቱም ማስክ ያድርጉ።

መንገዱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ብዙ ጊዜ ትንሹ አደጋ እሱ ነው። በራሳችሁ መኪና ከቤተሰባችሁ ጋር ከሆናችሁ ዋናው ነገር ጋዝ ስቴሽን ውስጥ አለመዘግየት፣ ሬስቶራንት ገብቶ ከመብላት ስንቁን መኪና ውስጥ መብላት ነው። ሌላ ቤት የሚኖር የአጎት ልጅ ካሳፈራችሁ መስኮቱን ዝቅ፣ ማስኩን ከፍ። አውሮፕላኑ በበረራ ላይ አየሩን በደንብ ያጣራል፤ ሰው የሚተፋፈነው ሲሰለፍ፣ ሲሳፈርና ሲወርድ ነው። ከፌብሩዋሪ 2021 እስከ ኤፕሪል 2022 በሕዝብ ማመላለሻ ማስክ የፌደራል ግዴታ ነበር። ዛሬ ግዴታ ባይሆንም የሚከለክላችሁ የለም።

ክትባቱ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ማርች 8 ቀን 2021 ሲዲሲ አንድ መመሪያ አወጣ። ክትባቱን ጨርሰው ሁለት ሳምንት የሞላቸው አያቶች፣ ለከባድ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር የሌለባቸውን የአንድ ቤት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ልጆቹ ባይከተቡም እንኳ፣ ቤት ውስጥ ያለ ማስክ ሊያቅፉ ይችላሉ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ሲሳሳሙ የከረሙ ሰዎች! ኤፕሪል 2 ደግሞ የተከተበ ሰው በአገር ውስጥ ሲጓዝ ከጉዞ በኋላ ተለይቶ መቀመጥ አያስፈልገውም ተባለ። እንግዲህ ለሚቀጥለው በዓል የምትሄዱ ከሆነ የኢንፍሉዌንዛውንም ሆነ የኮቪዱን ክትባት በጉዞው ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፤ ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

የታመማችሁስ? ከማርች 2024 ወዲህ የሲዲሲ ምክር እንዲህ ነው፤ ያለ መድኃኒት ትኩሳት ከጠፋ 24 ሰዓት እስኪሞላውና ሕመሙ እስኪቀል ቤት ቆዩ፤ ከዚያ በኋላም ለአምስት ቀን ማስክና ንጹሕ አየር አይለያችሁ። ትኩሳቴ ጠፋ ብሎ በዚያው ቀን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ዘንድ መሄድ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። አምስቱን ቀን ጨርሱት።

አንድ ማሳሰቢያ። የሚቀጥለው ወረርሽኝ እንደ ኮቪድ ላይሆን ይችላል። በውኃ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ በንክኪ የሚተላለፍ አለ። ለኮሌራ መስኮት መክፈት ምንም አያደርግለትም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሰሙት ነገር "በምንድን ነው የሚተላለፈው?" የሚለውን ይሁን። እሱን ካወቃችሁ "እዚያ ቤት ማን አለ? ምን ያህል እንቆያለን? እኔስ የት ዋልኩ?" የሚሉት የቀድሞ ጥያቄዎቻችን እንዳሉ ናቸው።

(ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

መጀመሪያ ላይ የጠየቅኋችሁን መልስ ይዛችኋል? በስልክ መስመራችን ደውሉና ንገሩኝ። በተለይ በዚያን ጊዜ ሄዳችሁ፣ ወይም ሊመጣባችሁ የነበረውን ሰው በትሕትና አስቀርታችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት የምታስታውሱ ካላችሁ እሱን መስማት እፈልጋለሁ። ምን ብላችሁ ነገራችኋቸው? ምን መለሱላችሁ? ስማችሁን ሳንጠራ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን መጨረሻ ላይ እናሰማለን። የሚቀጥለው ሳምንት ርእሳችን የደም ግፊት ነው፤ መለኪያው ቤታችሁ ካለ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ጠብቁን።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ የዝግጅቱ ማብቂያ)